ወንዙን ላልተሻገሩት ክቡር ዋና መርማሪ

ለተከበሩ የአየር አደጋ ምርመራ ቢሮ ዋና መርማሪ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እግርዎስ ደህና ነው? እግርዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወንድሜ የሞተበትን ስፍራ ሊመረምሩ በመጡ ዕለት ጫማዎን ጭቃ እንዳይነካው እንዴት እንደተጠነቀቁ ያዩ ሰዎች ስላጫወቱኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስለ እግርዎ ሳላስብ ውዬ አላውቅም።

ይህን የምጽፍልዎ በክረምቱ መውጫ ላይ ለእርሻ ፀረ ተባይ ስትረጭ በወደቀችው ትንሽ ሄሊኮፕተር ውስጥ ብቻውን የነበረው አብራሪ ታላቅ እህት ነኝ። እናታችን ቀድማን ስላለፈች ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ከአጥር አጥር፣ ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘል ስለሚውል ፌንጣ ብዬ ስም ያወጣሁለትም እኔው ነኝ። ሥራዬ ቋንቋ ማስተማር በመሆኑ ሪፖርትዎን እንደ ሐዘንተኛም እንደ አስተማሪም አንብቤዋለሁና፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሰዋስው ትምህርቱ አመሰግናለሁ። አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር ተደራጊ ግስ እንጠቀማለን እያልኩ ሳስተምር ጸጉሬ ሸብቷል። እርስዎ ግን «ጥገናው ተከናውኗል፣ ፍተሻው ተደርጓል፣ በረራው ተፈቅዷል» ብለው፣ ማን እንደጠገነ፣ ማን እንደፈተሸና ማን እንደፈቀደ ሳይናገሩ ቆይተው፣ «ተሳስቷል» የሚለው ግስ ላይ ሲደርሱ አድራጊው ድንገት ተገኘልዎ፦ አብራሪው። ለካስ አድራጊ የሚሰወረው ሳይታወቅ ሲቀር ሳይሆን አብጠርጥሮ ሲታወቅ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ «አብራሪው ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሎ በርሯል» ስላሉት ነው። እውነት ነው፣ ዝቅ ብሎ በርሯል። ከፍ ብሎ ቢረጭማ መድኃኒቱን የሚጠጣው ደመናው በሆነ ነበር።

ሦስተኛ፣ «በሄሊኮፕተሯ ላይ የቀረበ ቅሬታ የለም» ብለው ለጻፉት። ወንድሜ ከአደጋው በፊት በነበረው እሑድ እቤቴ ምሳ እየበላን፣ «የእግሬ ፔዳል ይንቀጠቀጥብኛል፤ ጭራዋን የሚያዘው እሱ ነው። ለጥገና ክፍል ብነግራቸው እስቲ የርጭቱ ወቅት ይለፍ አሉኝ» ብሎኝ ነበር። ይህንኑ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ብናገር፣ የቤተሰብ ወሬ ማስረጃ አይሆንም ተባልኩ። የሄሊኮፕተሯ ባለቤት የሆነው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ «ቅሬታ አልሰማንም» ያለው ግን ቃል በቃል ሰፍሯል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል እሰማ ነበር፤ ዳውላው የተቀበረ ሰው ሲሆን ያየሁት በእርስዎ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ወንዙ። የሄሊኮፕተሯ አካል የወደቀው ከወንዙ ወዲህ ሲሆን፣ ጭራዋ ግን ከነማራገቢያዋ ከወንዙ ማዶ፣ በአንዲት ባልቴት የባቄላ ማሳ ላይ ነበር የወደቀችው። እኚህ ሴት እስከ ጉልበታቸው ርሰው ተሻግረው፣ «ጌታዬ፣ መጀመሪያ ጭራዋ ተቆርጣ ወደቀች፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ነው እየዞረ የወረደው» ቢሉዎ፣ እርስዎ በታወቀው ትሕትናዎ «እናቴ፣ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ወደ ቤትዎ ይግቡ» ብለው ሸኟቸው። እርስዎም ወደ መኪናዎ ገቡ።

እኔ ግን ባለሙያ ስላልሆንኩ ተሻገርኩ። ጭራዋ አበባ ባወጣው ባቄላ መካከል ተጋድማ፣ በላስቲክ ተሸፍና አገኘኋት። «የሰው ንብረት ነው፣ ጠያቂ ይመጣል ብዬ ዝናብ እንዳይመታት ሸፈንኳት» አሉኝ ባልቴቷ። ያችን ላስቲክ ገልጬ የተቆረጠችበትን ቦታ በእጄ ዳሰስኩ። ለቢሮዎ ባመለከትኩ ጊዜ በእርግጥ የጭነት መኪና ላኩ። ጭራዋ ከመኪናው ብትረዝም ሠራተኞችዎ እዚያው በመጋዝ ቆራረጧት። ከዚያም በሪፖርቱ መጨረሻ «የጭራው ክፍል ከአደጋው በኋላ ጉዳት ስለደረሰበት ለምርመራ አመቺ ሆኖ አልተገኘም» ብለው ጻፉ። ጉዳቱን ማን እንዳደረሰ አለመጻፍዎ አላስገረመኝም፤ ተደራጊ ግስ ነው።

አምስተኛውን ምስጋናዬን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አንስቼ አስቀምጫለሁ። «ሕይወቱ ወዲያውኑ አልፏል» ብለዋል። ለእኔ አስበው ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ። ባልቴቷ ግን በአደጋው ዕለት ወንዙን ተሻግረው መጀመሪያ የደረሱለት እሳቸው እንደነበሩ፣ እጁን ይዘው አጠገቡ እንደተቀመጡ፣ እሱም «እህቴን ቀስ ብላችሁ ንገሯት» እንዳላቸው ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረም። ይህን የወንድሜን የመጨረሻ ቃል ከባቄላ ማሳ ዳር ቆሜ ሰማሁት እንጂ ከመንግሥት ማኅተም ሥር አላነበብኩትም። ቀስ ብሎ የነገረኝም ሰው አልነበረም፤ ሥራ አስኪያጁ በስልክ፣ «የአንቺ ወንድም ሄሊኮፕተራችንን ጣላት» ነበር ያለኝ።

ሰው ስለ ሟች ክፉ ከመናገሩ በፊት ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል። እርስዎ ይህን ቃል የማያስፈልግ ሆኖ ስላገኙት ዘለውታል። ምርመራው እንደገና ይከፈት ብዬ ላቀረብኩት አቤቱታም መዝገቡ ተዘግቷል የሚል መልስ በክብር ደርሶኛል። እንግዲህ እርስዎ የዘጉትን እኔ በአደባባይ እየከፈትኩ አነበዋለሁ፤ ድምፄ ለክፍል የተሠራ በመሆኑ ከኋላ ለተቀመጠም ይሰማል።

ከመንበርዎ ሳይነሡ ለሚፈርዱት ለእርስዎ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ የምነሣ፣

የሟቹ አብራሪ እህት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ድርጅቱ ከዚያችው ጋር አብሮ የገዛት ሌላ ሄሊኮፕተር ዛሬም ትበራለች። ትናንት የሚያበርራት ሰው ሚስት ደውላ፣ «እትዬ፣ ነገ ሥራ ይግባ ወይስ ልከልክለው?» አለችኝ። እኔ ባለሙያ ስላልሆንኩ የእርስዎን የቀጥታ ስልክ ሰጥቻታለሁ። ስትደውል እባክዎ ያንሡላት።