ብርድ የነካው ኦቦ

ክላይንሮዳ፣ ሰኞ ዲሴምበር 14 ቀን 1998

ለውድ ልጄ ለአልሙትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? እዚያ ሞንቴቪዴዮ አሁን በጋ ነው አሉ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነፈስን ቁጥር እንፋሎት እናወጣለን። ደህና ነኝ፤ ሰሞኑን ግን ንዴቴ አልበርድ ብሎኛል።

ኦርኬስትራችን ፈረሰ። ቼሎ የሚጫወተው ሄርማን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ቫዮሊን ተጫዋቾቹም አንድ በአንድ ከተማ ገቡ። ፓስተር ቮልክማር ታዲያ ከገና በፊት የምናቀርበው የአድቬንቱ ኮንሰርቶ ዘንድሮ ይቅር ማለት ሲገባው፣ "ወይዘሮ ኢርምጋርድ፣ ኦርጋኑ ራሱ ኦርኬስትራ አይደል እንዴ! ብቻዎን ይጫወቱታል" አለኝ። ለአፍ ይቀላል! ቫዮሊኖቹን በቀኝ እጅ፣ ቪዮላውን በግራ፣ ባሱን በእግር። ጉልበቴ አለቀ።

ይኼስ ባልከፋ። ያንገበገበኝ አባትሽ ነው። እንደ ድሮው አጠገቤ ቆሞ የኦርጋኑን ድምፅ የሚቀይሩትን እጀታዎች የሚስብልኝ እሱ ነው። የኮንሰርቶውን ዝግ የሚለውን ክፍል፣ አንቺ በዚያች በእንጨት እምቢልታሽ፣ በኦቦሽ፣ ብቻሽን ትነፊው የነበረውን፣ በዋሽንት ድምፅ እንዲያደርገው በቀይ እርሳስ ጽፌለታለሁ። የኦቦ ድምፅ የሚያወጡት የኦርጋናችን ቧንቧዎች በብርድ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር እንደማይስማሙ ታውቂያለሽ። እሱ ግን በየልምምዱ "ኦቦ" የሚለውን እጀታ ይስባል፤ ቤቱ እንደ ተረገጠ ድመት ይጮሃል።

"ኤከሃርድ፣ ዋሽንት ብዬሃለሁ!"

"ተሳሳትኩ።"

"ሁልጊዜ እዚያው ላይ?"

"ዓይኔ ነው። አንቺ ሴትዮ፣ አርፈሽ ተጫወቺ!"

ጋዜጣ ያለ መነጽር የሚያነብ ሰው! የኦርኬስትራ ወንበርሽን ጥለሽ ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን አያነሳም። እኔ ሳነሳው እንጨት ሊፈልጥ ይወጣል። አንቺም ስትደውዪ ስለሱ አትጠይቂም። በመካከላችሁ መቆም ሰልችቶኛል፣ ልንገርሽ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠፋ። ሲመጣ ኮቱ አቧራ ብቻ፣ ጣቶቹም በብርድ ቀልተዋል። የት ነበርክ ስለው "የትም" አለኝ። ተኮራርፈን ተኛን።

ትናንት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነበር። ዝግ የሚለው ክፍል ሲደርስ እጁ ወደ ኦቦው ሄደ። እጄም እግሬም መጫወቱ ላይ ተይዟል፣ መጮህም አልችል፣ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። አልሙትዬ፣ ጥርት ብሎ ወጣ! ለካ ኦርጋኑ ሆድ ውስጥ ገብቶ ቧንቧ በቧንቧ ድምፁን ሲያስተካክል ነው ቅዳሜ የዋለው። ቧንቧው እንዲጮህ ቁልፉን የሚጫንለት ሰው ስላጣ፣ ተጭኖ እንዲቆይ በቀይ እርሳሴ ወትፎት ኖሯል፤ ኋላ እርሳሱን ከመጨረሻው ቁልፍ ጎን ተሰክቶ አገኘሁት። ከኦርጋኑ በላይ ባለው፣ ፓስተሩን በማይበት መስታወት ቀና ብዬ አባትሽን ሳየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዟል። በዚህ መሐል ድምፁን የሚያጎሉትን ቀጣዮቹን እጀታዎች መሳቡን ረሳው፤ ያን የመሰለ ፈጣን መዝጊያ በሹክሹክታ ጀመርኩት። ፓስተሩ አፍጥጦ አየኝ።

ቤት ስንገባ ጮህኩበት። ሾርባውን ጠጣና፣ "ለፋሲካ ያቺን የኦቦ እጀታ አልስብም" አለ።

"ደግሞ ለምን?"

"የቆርቆሮ ኦቦ ነው። ትንፋሽ የለውም። የሚነፋ ሰው ይፈለግ።"

ተነስቶ እንጨት ሊፈልጥ ወጣ። በዚህ አካባቢ ካንቺ በቀር ኦቦ የሚነፋ ሰው እንደሌለ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ጌታ ሳንባሽን ይጠብቅልኝ፤ መንገድሽንም ያቅናልሽ።

የደከማት እናትሽ
ኢርምጋርድ