ወጥመዶችህን እኛ እናወጣለን

ለወንድሜ ለሮይስ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ሩቅ ቦታ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? እንቅልፍህ ተመለሰ? የእጅህ መንቀጥቀጥስ ተወህ? የሚሰጡህን ምግብ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ በቡና ብቻ ነው የምትውለው? እኛ ደህና ነን፤ እማዬ ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ምንም አልሆነችም።

ባለፈው ደውለህ «ሎብስተር የምናጠምድበት ወቅት ገባ፤ ወጥመዶቼ ባሕር ውስጥ ቀሩ፤ ሕክምናውን ትቼ እመጣለሁ» ያልከው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አትመጣም! በግዛታችን አንድ የማገገሚያ አልጋ ጠፍቶ፣ ስልክ ስንደውል ከርመን፣ እስከ ፔንሲልቬንያ የላክንህ ለዚህ ነው እንዴ?

እኔም እልህ ያዘኝና የግዛታችን ምክር ቤት ወዳለበት ወደ ኦገስታ ሄድኩ። ምክር ቤቱ አዲስ ረቂቅ ሕግ ይዟል፤ የአእምሮ ሕመምና ሱስ እንደ ማንኛውም በሽታ በኢንሹራንስ እንዲታከም፣ በየአውራጃውም የማገገሚያ አልጋ እንዲኖር የሚል ነው። ኮሚቴው ፊት የፈለገ ሰው ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። ከእኔ በፊት ማን ቢቀርብ ጥሩ ነው? የእኛው ወደብ ሽማግሌ፣ ሜሪል! «ሰው በገዛ እጁ ላመጣው ጣጣ እኛ ለምን ታክስ እንከፍላለን?» ብለው ቁጭ አሉ።

ደሜ ፈላ። ይዤው የሄድኩትን ወረቀት ትቼ ወደ ሜሪል ዞሬ «እግርዎ ሲሰበር ወጥመዶችዎን ማን አወጣልዎት? ወንድሜ አይደለም? ወደቡ ሁሉ ተራ ገብቶ አልሠራልዎትም? ሮይስ ሲታመም ግን ደጃችንን የረገጠ የለም!» አልኩ። ሰብሳቢዋ ወደ ኮሚቴው ዞሬ እንድናገር ብትለምነኝም ማን ሰምቷት! ሰዓቴ ሲያልቅ እንባዬ ይወርድ ነበር።

ስወጣ ሜሪል መኪናዬ አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ። ሊጣሉኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። እሳቸው ግን ቆባቸውን አውልቀው «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ እኮ ሮይስ መርከብ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ሄደ ነው ያለችን። ለሥራ የሄደን ሰው ወጥመድ ማን ይነካል?» አሉኝ። ለካ እማዬ ሰው እንዳይሰማብን ብላ ያወራችው ነው ሰውን ሁሉ ያራቀብን።

አሁን ሜሪልና ሌሎቹ ጀልባቸውን ይዘው ወጥመዶችህን ሊያወጡልህ ተስማምተዋል። የወደቡን ደንብ ግን ታውቃለህ፤ ባለቤቱ በአፉ ካልፈቀደ ማንም የሰው ወጥመድ አይነካም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ለሜሪል ደውልና «አውጡልኝ» በላቸው። ኩራትህን ዋጥ አድርገህ በላቸው! ረቂቁ ከኮሚቴው በጭንቅ አልፏል፤ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን እንደገና እሄዳለሁ። ሜሪል «ታክሱን አሁንም አልወደውም» እያሉ በመኪናቸው ሊወስዱኝ ቃል ገብተዋል። ዘንድሮ ቢወድቅ ለከርሞ እዚያው ወንበር ላይ ታገኘኛለህ። አንተ ብቻ ሕክምናህን ጨርስ።

ባለቤቴ ኤልዊን ሰላም ብሎሃል፤ የጀልባህ ሞተር እንዳይበላሽ በየጊዜው እያስነሳልህ ነው። ውሻህ አሁንም የሥራ ቦት ጫማህ ላይ ነው የምትተኛው፤ ብናባርራትም አልሰማ ብላለች።

እማዬ ብዙ ብዙ ሰላም ትልሃለች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፓስተሩ ጸሎት የሚደረግለት ሕመምተኛ ያለው ይናገር ሲሉ፣ ጉልበቷን ይዛ ከወንበሯ ተነሣች። ሜሪል ከኋላችን ነበሩ። «ልጄ ሮይስ ለሥራ አልሄደም። ሱስ ይዞት ታሞ ሕክምና ላይ ነው፤ ጸልዩለት» አለች።

እህትህ ኮራ
ሄሪክ ወደብ፣ ሜይን
ጁን 5 ቀን 2023