አርባ አንድ ቁጥር

ጥቅምት 3
ሴል መቁጠሪያው ማሽን ጠዋት እንደ ልማዱ አኮረፈ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ታረቅን። አሥር ብልቃጥ ደም መጣ፤ ሁሉም የመቅኔ ካንሰር ታማሚዎች። በሽታ የሚዋጉ የደም ሴሎቻቸውን፣ ቲ ሴሎችን፣ መለየት፣ ቀስቃሽ መጨመር፣ ስንቱ እንደነቃ መቁጠር... ብልቃጡ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። እጃችን እንዳያዳላ ነው።

ከአሥሩ አንዱ ወንድሜ ነው። አለቃዬ ታውቃለች፤ ቁጥሩን እስካላወቅሽ ሥሪ ብላኛለች። ከላብራቶሪው ሦስት ፎቅ ከፍ ብሎ ተኝቷል። ኢንፌክሽን እንዳይነካው ተብሎ ጠያቂ ከተከለከለ ሃያ ሦስት ቀኑ። ሦስት ፎቅ እንዲህ ይርቃል?

ጥቅምት 5
ደወለ። ምግቡን አማ፣ ነርሷን አማ። ከዚያ ድንገት፣ "ሚጡ፣ አርባ አንድ ቁጥር እኔ ነኝ። ቀስ አድርገሽ ያዢኝ" አለ። ቁጥሩን ብልቃጡ ላይ ሲለጥፉ አይቶ ነው። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምኑ ያስቃል?

ለአለቃዬ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ጥቅምት 10
አዲስ ደም መጣ። አርባ አንድን መዳፌ ውስጥ ያዝኩት። ለብ ይላል። በሠላሳ ቀን ከእሱ የነካሁት ይሄን ብቻ...

ጥቅምት 11
ከአርባ አንድ ቁጥር ሴሎች የነቁት ከመቶ ዘጠኙ ብቻ። ደግሜ ሠራሁት። አሥራ አንድ። ለሦስተኛ ጊዜ ልጀምር ስል እጄን አየሁት። ለሌሎቹ ዘጠኝ ሰዎች ማን ደገመላቸው? እነሱስ እህት የላቸውም?

ጥቅምት 12
ለአለቃዬ ነገርኳት። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የደገምኩትን ሰረዘች፣ የሁሉንም ቁጥር ቀየረች። "ከእንግዲህ የትኛው እሱ እንደሆነ አታውቂም" አለችኝ። እሺ አልኩ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ብልቃጥ ይናፍቃል? ይናፍቃል።

ኅዳር 2
ታማሚዎቹ የሚሞከረውን አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ የመጀመሪያው ደም። የሰባቱ ሴሎች በደንብ ነቅተዋል። የሦስቱ ንቅንቅ አላሉም። እሱ ከየትኞቹ ነው? ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቆጠርኩ።

ከሥራ ስወጣ ደወለ። "እንዴት ነኝ?" አለ።

"አላውቅም" አልኩት።

"ድሮ ውሸት ትችይ ነበር።"

እኛ ቤት መበሻሸቅ እንጂ እንዲህ ያለ ወሬ አናውቅበትም። ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና "ናፍቀኸኛል" አልኩት።

ትንፋሹ ይሰማኛል። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። ስልኩን አልዘጋም፣ እኔም አልዘጋሁም።