እስክሪብቶ የማይቀበል ፕሮግራም

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ትናንት የሞተር ሳይክል እሽቅድምድሙን ሄጄ አየሁ። ፌርፋክስ ከተማ ያለው ማተሚያ ቤታችን የተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ያለበትን የተመልካቾች ፕሮግራም ሲያትም የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ሰው እጅ ላይ ላየው ጓጉቼ ነበር። ወረቀቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ለሰርግ የምንጠቀምበትን ወፍራሙንና የሚያብረቀርቀውን። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ታደሰ "ቀለል ያለው አይበቃም?" ብለውኝ ነበር። "ለኔ ይተዉት ጋሼ፣ ኳሊቲው ያኮራዎታል" አልኳቸው።

አጠገቤ የተቀመጡ ሸምገል ያሉ ፈረንጅ ሴትዮ ሽፋኑን ዳሰስ አድርገው ፈገግ አሉ። ደስ አለኝ። የመጀመሪያው ዙር እንዳለቀ እስክሪብቶ አወጡ። ለካ ተመልካቹ ማን ስንተኛ እንደወጣ በየዙሩ ራሱ ይሞላል። ባዶዎቹን ሳጥኖች ያሰመርኩት እኮ እኔ ነኝ፤ ለምን ባዶ እንደሆኑ ግን አልጠየቅኩም። ሰርግ ላይ ማን ፕሮግራም ላይ ይጽፋል?

እስክሪብቶው ተንሸራተተ። ቀለሙ ወረቀቱን ትቶ አውራ ጣታቸው ላይ ቀረ። ዞር ብዬ ሳይ ከኋላችን ያሉትም እስክሪብቷቸውን እያራገፉ ነው።

ሴትዮዋ አልተናደዱም። ከቦርሳቸው ያምናውን ፕሮግራም አወጡ፤ ስስ፣ ግራጫ፣ በእጅ ጽሑፍ የተሞላ። የዘንድሮውን ውጤት እዚያው ጠርዙ ላይ አጣብበው መጻፍ ጀመሩ። የኔን ደግሞ ብድግ ብለው አግዳሚው ላይ አነጠፉትና ተቀመጡበት።

ነገ ጋሼ "እንዴት ነው፣ ወደዱት?" ማለታቸው አይቀርም። ሽፋኑን ወደዱት ብል ውሸት አይሆንም።