ፌንጣ ናት ማለት ሲገባኝ

ወረታ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ውድ እትዬ ገላነሽ፤

እንደምን ሰንብተዋል? አሁንም በአገርዎ በአንበሳሜ መኖርዎን የነገረኝ ኢሳቅ ነው፤ እዚህ ወረታ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጠው። ከገበያ ገበያ ሲዞር አይቶዎት ኖሯል። «ገላነሽ ደህና ናት፤ ዛሬም ለታመመ ሰው ቅጠል ትቆርጣለች» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ መሬት መሬቱን አየሁ።

ጸሐይነሽ ነኝ፤ የመንግሥቴ ልጅ፣ የእንጀራ ልጅዎ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ አባቴ ወረታ ትምህርት ቤት አስገብቶኝ ዛሬ እኔው ሕፃናትን ፊደል አስቆጥራለሁ። እርስዎ ማንበብ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ ይህን ሌላ ሰው ነው የሚያነብልዎት። አንባቢው ማንም ይሁን ማን፣ እባክዎ አንዲት ቃል እንዳይዘል ይዘዙት። ያን ጊዜ በእርስዎ ላይ ያወራሁት በሰው ፊት ነበር፤ ይህንንም ሰው ይስማው።

እናቴ ስትሞት እህቴ ድንቅነሽ ገና ጡት አልተወችም። እርስዎ በዓመቱ መጡ። ድንቄ ሌላ እናት አታውቅም፤ በእርስዎ ጀርባ ታዝላ አደገች፤ አፏን ስትፈታም «እማ» ያለችው እርስዎን ነው። እኔ እንደዚያ ብዬ ብጠራዎት እናቴን ሁለተኛ የምቀብራት መሰለኝ። አክስቴ ትሁንም ይህን አውቃ ታራግበው ነበር። አገርዎ ደራ ባሕር ማዶ ይመስል «የሰው አገር ሴት» ነበር የምትልዎት። እርስዎ ግን ጠጉሬን ይሠሩልኝ ነበር፤ እግሬን እሾኽ ሲወጋኝ ቁጭ ብለው ያወጡልኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ለብዙ ዓመት ለራሴ «ክፉ ነበረች» ስል ስለኖርኩ ነው። አንድ ክፉ ነገርዎን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

በ፶፩ ዓ.ም. ንዳድ ፎገራን ምን እንዳደረገው እርስዎም አይተዋል። ጥቅምት ገብቶ ኑጉ ቢጫ ሲለብስ፣ ከየቤቱ አንድ ሁለት ሰው ተኝቶ ነበር። ድንቄም በአምስት ዓመቷ ተያዘች። ቀን ትንቀጠቀጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ገላዋ እሳት ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እርስዎና እኔ ሰንሰልና ዳማከሴ ልንቆርጥ ከርብ ወንዝ ወዲያ ወዳለው ኮረብታ ወጣን።

እንዴት እንደሚቆረጥ ሲያሳዩኝ ትዝ ይለኛል። «ከለጋው፣ ከጫፉ ቁረጪ። ቁጥቋጦውን አትላጪው፤ ነገ ሌላ በሽተኛ ይመጣል» አሉኝ። እኔ እያኮረፍኩ እቆርጥ ነበር። አንድ ለጋ ቅጠል ይዤ ስስብ ቅጠሉ በጣቶቼ መካከል ተንፈራገጠ። እንደ ሌሎቹ ቅጠሎች መሐሉን የሚሰነጥቅ መስመር አለው፤ ዳሩን ትል የበላው ይመስል ጠይሟል። ከዚያ እግር አወጣና በእጄ ላይ ወደ ክርኔ ወጣ። ጩኸቴን አቀለጥኩት፤ ቅርጫቱን ጥዬ ወደ ኋላዬ ወደቅሁ።

እርስዎ ሮጠው መጡ። አንሥተውኝ፣ ያቺን ነገር ከክንዴ ላይ ቀስ ብለው ወደ መዳፍዎ ተቀበሏትና ሳቁ። «ፌንጣ ናት፣ ጸሐይ። ወፍ እንዳያያት ቅጠል መስላ ነው የምትኖር። እኔም በልጅነቴ እንዳንቺው ጮኼ ነበር።» ጠጋ ብዬ እንዳያት መዳፍዎን ዘረጉልኝ። አየኋት። የኋላ እግሮቿን፣ እንደ ክር የቀጠኑ ቀንዶቿን፣ ሁሉንም አየሁ። ከዚያ ከቁጥቋጦው ላይ አስቀመጧትና «ሂጂ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ» አሏት።

እትዬ፣ ያን ጊዜ ገብቶኝ ነበር። አሳምሮ ገብቶኝ ነበር። ያልዋጥኩት ሳቅዎን ነው። የሳቁት በእኔ እንዳልነበረ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከወደቅሁበት ቀሚሴ ጭቃ ሆኖ ተነሣሁ።

«ቅጠሉን ጨርሼ እደርሳለሁ፤ አንቺ ቅደሚና ውኃ ጣጂ» አሉኝ። ቀደምኩ።

ቤት ስደርስ አክስቴ ትሁን ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ድንቄን ትጠብቅ ነበር። ዓይኔ ቀልቶ ስታየኝ ምን ሆንሽ አለችኝ። ቅጠሉ በእጄ ላይ ተራመደ አልኳት። እሷስ ምን አደረገች አለች። ሳቀች አልኩ። ከዚያስ አለች። አናገረችው፣ ሂጂ ብላ ሰደደችው አልኩ። ይመልከቱ፣ እትዬ፤ አንዱም ሐሰት አልነበረም። «ፌንጣ» የምትለውን ቃል ብቻ አስቀረኋት። ሴቶቹ ሲያማትቡ አየሁና ጭራሽ አስቀረኋት። ከእናቴ ሞት ወዲህ በዚያ ቤት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሲሰማኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እርስዎ በቅጠል የተሞላ ቅርጫት ተሸክመው ሲደርሱ ደጁ በሰው ተሞልቶ ነበር። አክስቴ ቅርጫቱን ከእጅዎ መትታ ደፋችው። መተተኛ አለችዎት። እርስዎ ነገሩ አልገባዎትም ነበር፤ ሰዎቹን አንድ በአንድ አይተው መጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጸሐይ፣ ንገሪያቸው እንጂ» አሉ።

ዝም አልኩ። አባቴም ከማሳ ተጠርቶ መጥቶ ሞፈሩን እንደያዘ ቆሞ ነበር፤ እሱም ዝም አለ። እርስዎን በረቱ አጠገብ ወዳለችው ጎጆ አስወጡዎትና ልጅቷን እንዳያዩ ከለከሉዎት። ቅጠሉ ሳይቀቀል በደጁ እንደተበተነ ጠወለገ።

ያ ቅጠል ያድናት እንደነበር አላውቅም። ያን ዓመት ስንት ቅጠል የጠጣም፣ ስንት ጠበል የተጠመቀም ሞቷል። በዚህ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ። ከዚህ በታች ለምጽፈው ግን ራሴን የማጽናናበት ነገር አላገኘሁም።

ከሁለት ቀን በኋላ ረፋዱ ላይ ውኃ ልቀዳ ስወጣ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ከንፈርዎ ደርቆ ነበር። «ጠርታኛለች?» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም፤ ስለ ቅጠሉም አላነሡብኝም።

«አልጠራችዎትም። ተኝታለች» አልኩዎት።

አልተኛችም ነበር። ከሌሊት ጀምሮ ስትጠራዎት ነው ያደረችው። «እማስ? እማ የት ሄደች?» ትል ነበር። አክስቴ ትመጣለች ስትላት ዝም ትልና ትንሽ ቆይታ እንደገና ትጀምራለች። እኔ እጇን ስይዛት እጄን ዳስሳ ለቀቀችው፤ የእርስዎ እጅ እንዳልሆነ ዐወቀች። ለዚህ ነው የዋሸሁዎት። እንስራዬን አዝዬ ወንዝ ወረድኩ፤ እርስዎም አምነውኝ ወደ ጎጆዋ ተመለሱ። ድንቄ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ሞተች።

ለቀብሯም አላስቀረቡዎትም። በማግሥቱ ነጠላዎን ብቻ ለብሰው በጉማራ መንገድ ሲሄዱ ከደጃፉ ሆኜ አየሁ። ልጅቷን የበላቻት እሷ ናት የሚለው ወሬ ከእርስዎ ቀድሞ ሄደ።

አባቴ ሌላ ሴት አላገባም። ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቱን ሲያመው ወንዛዬ ፍል ውኃ ውሰጂኝ አለኝና ወሰድኩት። ጠዋት ከታጠበ በኋላ ወደ አንበሳሜ በሚሄደው መንገድ ዳር ይቀመጥና እስኪመሽ ድረስ አላፊ አግዳሚውን ያይ ነበር። በአራተኛው ቀን የሚያየው ማንን እንደሆነ ገባኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ቀና ብሎም አላየኝ።

«ፌንጣ እንደነበረች አውቅ ነበር» አለኝ። «ኑግ ሳርም ስንቷን አይቻለሁ።»

ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት።

«እህቴን ፈራሁ። ሰፈሩን ፈራሁ። አንቺስ ልጅ ነበርሽ፤ እኔ ምን ነበርኩ?»

አንበሳሜ ቅርብ ነበር። እንሂድ አላልኩትም፤ እሱም ውሰጂኝ አላለኝም። ሁለታችንም አፍረን ወደ ቤታችን ተመለስን። ባለፈው ሐምሌ ዐረፈ። ሞቱን አልሰሙ እንደሆነ በዚህ መንገድ ስላረዳሁዎት ይቅር ይበሉኝ።

በተዝካሩ ቀን፣ ሰው በልቶ ሲመርቅ፣ ተነሥቼ በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ያ ቅጠል ፌንጣ እንደነበረ፣ እያወቅሁ እንደደበቅሁ፣ ገላነሽ ንጹሕ እንደነበረች። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። የጮኸ አልነበረም። አክስቴ ትሁን፣ አሁን ዓይኗ ፈዟል፣ «ልጅቱን ንዳድ ነው የገደላት፤ ማን ምን አለ?» አለች። ሌሎቹም፣ እኛ መች አልን፣ በራሷ ጊዜ አይደል ወይ የሄደችው አሉ። ያን ቀን ደጃችን ላይ ያልነበረ የለም፤ ግን አንድም እዚያ ነበርኩ የሚል አልተገኘም። ወዲያው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። እኔም ቆሜ ቀረሁ።

ለዚህ ነው ለእርስዎ የምጽፈው። የሆነውን የምናውቅ እርስዎና እኔ ብቻ ቀርተናል፤ እርስዎም ግማሹን አያውቁም ነበር። በአጥሩ በኩል የጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ «አዎ» ነው። ጠርታዎታለች። እስከ መጨረሻው እርስዎን ብቻ ነው የጠራችው። ይህን ስምንት ዓመት ነጥቄዎት ኖርኩ።

ይቅር በይኝ አልልዎትም፤ ይህን መጠየቅ ሌላ ነገር መውሰድ ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን ልሥራ። ፋሲካ አልፎ ዳግማይ ትንሣኤ በዋለ ማግሥት አንበሳሜ እመጣለሁ። ከቤትዎ አልገባም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር እቀመጣለሁ። ሊያዩኝ ካልፈለጉ እስከ ማታ ጠብቄ እመለሳለሁ፤ ሁለተኛም አላስቸግርዎትም። የድንቄን መቃብር ማየት ከፈለጉ ግን አብረን እንመለስ። በሰፈራችን መካከል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ከደጁ ወጥቶ እያየ፣ ከፊት ከፊትዎ እየሄድኩ አደርስዎታለሁ። ማነች ብለው ሲጠይቁኝ እኔ እመልስላቸዋለሁ።

ጸሐይነሽ መንግሥቴ