ሁለት ድንኳን፣ አንድ ስፌት

ኮልፌ፣ ሰኔ ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ውድ የልጅ ልጄ ሙሉወርቅ፣

ለካምፓላ ሕዝብ በሙሉ ይታወጅልኝ! የኛው ሰፈር የሸዋረጋ ፍየል የኮልፌን ዕድር ድንኳን በላች። ሁሉንም አይደለም፤ ጣራውን ብቻ።

ከኮሌጅሽ ስትጽፊልኝ «ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንጋኒካ አንድ መንግሥት ሊሆኑ ይመክራሉ፤ እኛስ ምን ይዞን ነው ብቻችንን የምንቆም?» ብለሽኝ ነበር። እኔም «አጥር የሌለው ጓሮ የፍየል መዋያ ነው» ብዬ መለስኩልሽ። ይኸው ጉድ የሠራችኝ በአጥሬ ውስጥ ያለችው ፍየል ሆነች።

የማዶውን የአስኮ ዕድር ዳኛ ቱሉን ታውቂው የለ? ስንት ዓመት «ዕድራችንን እናዋህድ» እያለ ሲወተውተኝ፣ «ሁለት ዳኛ በአንድ ወንበር? አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ሊታቀፍ ነው?» እያልኩ እመልሰው ነበር።

ታዲያ የዕድራችን አባል የእሙ ባል መኳንንት አረፈ። ከቀብር መልስ ዝናቡ ወረደ፣ ለቀስተኛው ራሰ። እሙ ነጠላዋን እየጨመቀች «አባ ወልደሰንበት፣ ባሌን አፈር አለበስነው፤ እኛን ደግሞ ውሃ ሊያለብሱን ነው?» አለችኝ። ዳኝነቴ ያን ጊዜ አንዲት መበለት እንኳ ከዝናብ አላስጣለም።

ወዲያው ቱሉ ሱሪውን ሰብስቦ ወንዙን ተሻገረና «ጋሼ፣ እባክዎ ድንኳናችንን ይቀበሉን» ብሎ ለመነኝ። እኔም በግርማ ሞገስ ፈቀድኩ።

«ሸራህ ያንተ፣ ሸራዬ የኔ» አልኩት። «ስፌቱ ብቻ የጋራ ይሁን። የተጣላን ቀን እንተረትረዋለን።»

«ለመተርተር የተሰፋ ዝናብ ያስገባል፣ ጋሼ።»

ረታኝ! በድርብ ክር ይሰፋ አልኩ። በኮልፌ ለቅሶ ዳኛው እኔ፣ በአስኮ ለቅሶ እሱ። ያንን የሚያህል ዶፍ ሲወርድ ሁለት ሰፈር አንድ ጣራ ሥር ተቀመጠ፤ የእሙ ነጠላ ሦስቱንም ቀን ደርቆ ዋለ። ለቅሶ ባይሆን እልል ባልኩ ነበር! እንግዲህ ለእነ ኬንያ ንገሪልኝ፦ ሸራችሁን አትጣሉ፣ በክሩ ግን አትሰስቱ።

እስከዚህ ድረስ ለጓደኞችሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። የቀረውን ለራስሽ። ፍየሏ እውነት ናት። ቱሉ ግን አልመጣም። ሱሪዬን ሰብስቤ ወንዙን የተሻገርኩት፣ «እባክህ» ያልኩትም እኔ ነኝ። እሱማ በሩን ሲከፍትልኝ ሸራውን ተሸክሞ ወደ እኛ ሊወጣ ነበር።

የተረታው፣ ግን ያልረጠበው አያትሽ
ወልደሰንበት