ቧንቧው ሲደውል

ሚያዝያ 14
ዛሬም ውኃ የለም። ስምንተኛ ቀን።
ሱቅ ሦስት የስልክ ስክሪን ቀየርኩ፤ አንዱ ስልክ አልነሳ ብሎኝ ለባለቤቱ መለስኩለት። ማምሻውን ስገባ እማ እንደ ወትሮው ቧንቧው ሥር፣ በርጩማዋ ላይ። ጀሪካኖቹ አጠገቧ ተሰልፈው...
አክስቴ ሳጂዳ ከታመመች ወር ሞላት። የምትኖረው ሉማሜ ከተማ ነው። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። አንዳንዴ ሰው ትለያለች፣ አንዳንዴ የወለደቻትን ልጅ «አንቺ የማን ነሽ?» ትላለች። እማ ያለቻት እህት እሷ ብቻ ናት። ሂጂ እንጂ ስላት መልሷ አንድ ነው። «እኔ በሌለሁበት ውኃው ቢመጣስ? አንተ ሱቅ ነህ።»
እውነቷን ነው። ውኃው ሲያሻው ነው የሚመጣው፣ ቢመጣም ለአንድ ሰዓት።
እንግዲያው ቧንቧው ራሱ ይደውልልኝ።

ሚያዝያ 17
በትርፍ ጊዜዬ የምነካካት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ሥራ አገኘች። እስካሁን የሠራሁባት መስመር ተከትላ የምትሄድ መጫወቻ መኪና ነበረች። እማ «እሺ፣ ምን ትጫናለች?» ብላ ቅስሜን ሰብራው ነበር።
ቧንቧው አፍ ላይ ውኃ ሲያልፍባት የምትሽከረከር ትንሽ ሴንሰር ገጠምኩ። እሷ ስትሽከረከር ቦርዷ በአሮጌ ሲም ካርድ ትደውልልኛለች። ውኃ ስለሌለ በአፌ እፍ ብዬ ሞከርኳት። ወዲያው ደወለች። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ
ጉድ ሆንኩ።
ገበያው በደራበት ሰዓት ተደወለ። ሱቁን ዘግቼ በባጃጅ በረርኩ። መንገድ ላይ ለጎረቤታችን ለእትዬ ሽታዬ ደወልኩላት፣ «ውኃ መጣ» ብዬ። ስደርስ በራችን ላይ አሥር ሴት ከነጀሪካኑ። ቧንቧው ፍስስስ... ይላል። ጠብታ የለም። አየር ነው።
ውኃ ከመምጣቱ በፊት ቱቦው አየር ይተፋል። አንዳንዴም ተፍቶ ተፍቶ ዝም ይላል። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እኔ ደግሞ ሴንሰሯን የሞከርኳት በትንፋሼ... ምን ዓይነት ጅል ነኝ?
እትዬ ሽታዬ ጀሪካኗን ዘረጋችልኝ። «አንተ ሙራድ፣ ካልቸገረህ ለእኔ ሁለት ጀሪካን አየር ቅዳልኝ።»
ሁሉም ሳቀ። እማም ሳቀች። ከሳቀች ስለቆየች ብዙም አልከፋኝ።

ሚያዝያ 20
ውኃው የምር መምጣቱን በምን ታውቂያለሽ? አልኳት እማን።
«ባልዲ አደርግበታለሁ። ባልዲው ውስጥ ውኃ ካለ መጥቷል።»
በቃ... ይኸው ነው።
ፕላስቲክ ባልዲው ወገብ ላይ ሁለት ሚስማር ሰካሁ፣ እንዳያፈስ በሙጫ ደፈንኩ፣ በሽቦ ከቦርዷ ጋር አገናኘሁ። ውኃው ሁለቱንም ሚስማር ሲነካ ትደውላለች። ለአየር አትደውልም።
«ይቺን እንኳን የሠራኋት እኔ ነኝ» አለች እማ።

ሚያዝያ 24
ሠራች። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ተደወለ። አላመንኳትም፣ ቀስ ብዬ ሄድኩ። እማ ሦስተኛ ጀሪካን ላይ ደርሳለች። አልሐምዱሊላህ።
«በይ እንግዲህ፣ ነገ ሉማሜ» አልኳት።
ጀሪካኑን ከደነች። ዶሮዎቹን ማን ያያቸዋል አለች።

ሚያዝያ 26
ትናንት ባትሪው ቢያልቅስ አለች። ትርፍ ባትሪ ገዛሁ። ዛሬ ደግሞ «ጉልበቴን አመመኝ» አለች።
የያዛት ቧንቧው አይደለም ማለት ነው?
ቁርስ ላይ ጠየቅኳት። ብርጭቆዋን አስቀመጠች።
«ባታውቀኝስ?» አለች። «ሄጄ ፊቷ ስቆም እኔንም የማን ነሽ ብትለኝስ? ፈርቼ ነው ልጄ። እዚህ ስሆን ታውቀኛለች ብዬ እቀመጣለሁ።»
ወር ሙሉ አጠገቧ እየኖርኩ አልገባኝም። ሽቦ ስቀጣጥል ነው የከረምኩት። አፈርኩ።
«አብሬሽ ልሂድ?»
«አይ... አንተ ውኃውን ጠብቅ» አለችና ሻንጣዋን ልታወርድ ተነሳች።

ሚያዝያ 28
ሸኘኋት። እስከ ማርቆስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሌላ ትይዛለች። ማታ የአክስቴ ልጅ «ደርሳለች» ብላ ጻፈችልኝ። ሌላ ቃል የለም። ለምን ራሷ አልደወለችም?

ሚያዝያ 29
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ደወለ። ሄጄ እየቀዳሁ፣ ሰባተኛው ጀሪካን ላይ ስልኬ ድጋሚ ጠራ። ቦርዷ ምን ነካት ብዬ ሳየው... እማ ናት። እያለቀሰች።
«ምነው እማ?»
«ትናንት አላወቀችኝም። ማታ አጠገቧ ተኛሁ። ዛሬ ስትነቃ ዞር ብላ አየችኝና፣ 'ቀድሪያ፣ ዛሬም ብርድ ልብሱን ብቻሽን ጠቀለልሽው' ብላ በስሜ ጠራችኝ።»
ከዚያ ሁለቱም ሲስቁ ሰማሁ። አክስቴ ከጀርባ አንድ ነገር ትላለች፣ እማ ትመልስላታለች። እኔን ረስተውኛል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ። ጀሪካኑ ሞልቶ ግቢው ላይ ይፈሳል። አልዘጋሁትም።
መቼ ትመለሻለሽ አላልኳት። እሷም ስለ ውኃው አልጠየቀችኝም።